በእጅ የተመረጠ ብር፦ ጠገራ ከገበያ እስከ ኪስ

የኦስትሪያዊቷን ንግሥት የማርያ ቴሬዛን መልክ የያዘው አንድ ጠገራ ብር በእጁ የገባ ሰው መጀመሪያ ዓይኑ የሚያርፈው ዓመቱ ላይ ነው፤ 1780 ይላል። ይህ ቁጥር ግን ብሩ መቼ እንደተቀረጸ አይናገርም። ለመቅደላ ዘመቻ የተቀረጸውም፣ ሙሶሊኒ ኢትዮጵያን ለመውረር ሲሰናዳ ሮም ላይ ያስቀረጸውም፣ እንግሊዞች በአርበኞች ዘመን ቦምቤይ ላይ ያስቀረጹትም፣ ዛሬ ቪየና ውስጥ ለመታሰቢያ የሚሸጠውም ሁሉም 1780 ይላሉ። መልካቸው ላልሠለጠነ ዓይን አንድ ነው፤ ክብደታቸውም አንድ ነው። ዋናው ልዩነታቸው ያለው ባለፉበት እጅ ላይ ነው።

ስለዚህ መታሰቢያ የሚሆን አንድ የብር ቁራጭ መርጦ በኪሱ ሊይዝ ለሚፈልግ ሰው ዓመቱን ማንበብ ብቻውን አይበቃም። የሚበቃው የምርጫውን ታሪክ ማወቅ ነው። አያቶቻችን ይህን ብር ዝም ብለው አልተቀበሉትም። አገላብጠው አይተው፣ በጣት ዳስሰው፣ ድንጋይ ላይ ጥለው ድምፁን ሰምተው፣ ያልወደዱትን መልሰው ነው የያዙት። ከመቶ ሃምሳ ዓመት በላይ የቆየው የጠገራ አመኔታ የቆመው በአውሮፓ ዙፋን ላይ ሳይሆን በዚህ ምርመራ ላይ ነው። የዚህ ጽሑፍ ሐሳብም ይኸው ነው፤ ብርን ለመታሰቢያ የሚመርጥ ሰው ከእነዚህ መራጮች ሊማር ይገባዋል።

ንግሥቲቱና ዓመቷ

ማርያ ቴሬዛ እ.ኤ.አ. በ1717 ተወልዳ ከ1740 ጀምሮ የኦስትሪያን፣ የሃንጋሪንና የቦሔሚያን ግዛቶች የገዛች ንግሥት ናት። በስሟ የተቀረጸው ትልቅ የብር ገንዘብ መልኩን ደጋግሞ ለውጧል። በመጀመሪያዎቹ ዓመታት ወጣት ሆና ትታያለች። ባሏ ፍራንሲስ ቀዳማዊ በ1765 ከሞተ በኋላ ግን እስከ ዕለተ ሞቷ ሐዘንተኛ ሆና ኖረች፤ ከዚያ ወዲህ በወጣው ብር ላይም ራሷን በመጎናጸፊያ የሸፈነች ባልቴት ሆና ትታያለች። እኛ አገር የገባውና የተወደደው ይህ መልኳ ነው።

ንግሥቲቱ እ.ኤ.አ. ኖቬምበር 29 ቀን 1780 አረፈች። በደንቡ መሠረት ከዚያ በኋላ የሚወጣ ገንዘብ የወራሿን የዮሴፍ ዳግማዊን መልክ መያዝ ነበረበት። ነገር ግን ደቡብ ጀርመን ውስጥ በአውግስቡርግ የነበሩ የብር ነጋዴዎች ወደ ምሥራቅ የሚልኩት የእርሷን ብር ነበር፤ የምሥራቁ ገበያም ሌላ መልክ አልቀበል አለ። ስለዚህ በአቅራቢያው በምትገኘው በጉንዝቡርግ ከተማ የነበረው ገንዘብ መቅረጫ ቤት በሞተችው ንግሥት መልክና በሞተችበት ዓመት መቅረጹን ቀጠለ። ከደረቷ ሥር የሚነበቡት "ኤስ" እና "ኤፍ" የተባሉት ሁለት የላቲን ፊደላት የዚያ ቤት ሹማምንት የነበሩት የቶቢያስ ሾብልና የዮሴፍ ፋቢ ስም መነሻዎች ናቸው። ጉንዝቡርግ በናፖሊዮን ጦርነቶች ጊዜ ከኦስትሪያ እጅ ወጣች፤ ፊደላቱ ግን ሌሎች ከተሞች በቀረጹት ብር ላይ እንደታተሙ ቀሩ። ቪየና፣ ሚላኖ፣ ቬኔሲያ ሁሉም የሁለቱን ሹማምንት ፊደላት ደገሙ፤ ፊደላቱን ቢያወጧቸው ገዢ አያገኙም ነበርና።

ብሩ ራሱ በሚገባ የተሠራ ነው። ክብደቱ 28.0668 ግራም፣ ስፋቱ 40 ሚሊ ሜትር ገደማ ነው። ከስድስት እጅ አምስቱ ንጹሕ ብር፣ የቀረው አንድ እጅ መዳብ ነው። ንጹሕ ብር ለስላሳ ስለሆነ ቶሎ ያልቃል፤ መዳቡ ያጠነክረዋል። ንጹሕ ብሩ ብቻውን ሲመዘን 23.389 ግራም ይሆናል። ከሁሉም በላይ የሠሪዎቹ ብልሃት የሚታየው በጠርዙ ላይ ነው። በዚያ ዘመን የብር ገንዘብ ጠርዙ በመቀስና በሞረድ እየተሸረፈ፣ ሽርፍራፊው እየተሰበሰበ ይቀልጥ ነበር። በጠገራ ዙሪያ ግን "በፍትሕና በምሕረት" የሚለው የንግሥቲቱ መፈክር በላቲን ቋንቋ ከፍ ብሎ ተቀርጿል፤ በመካከሉም ጌጥ አለ። ጠርዙን የነካ ሰው ፊደሉን ያበላሻል፤ ሌብነቱም ወዲያው ይታወቃል። ማንበብ የማይችል ሰው እንኳ ጣቱን በዙሪያው አሽከርክሮ ብሩ ሙሉ መሆኑን ማወቅ ይችል ነበር።

ቀይ ባሕርን ተሻግሮ

ይህ ብር ወደ እኛ የመጣበት መንገድ የንግድ መንገድ ነው። የአውሮፓ ነጋዴዎች ከየመን ቡና፣ ከቀይ ባሕር ዳርቻዎች ሙጫ፣ ዝባድና የዝሆን ጥርስ ይፈልጉ ነበር፤ በምላሹ የሚሰጡት ሸቀጥ ግን በዚያ ብዙ ፈላጊ አልነበረውም። ጉድለቱን የሞላው ብር ነው። ብሩ ከትሪየስቴና ከሌሎች የሜዲትራኒያን ወደቦች ተነሥቶ በእስክንድርያ በኩል ወደ ጅዳ፣ ሆዴይዳና ምጽዋ ይደርስ ነበር። ስኮትላንዳዊው ተጓዥ ጄምስ ብሩስ እ.ኤ.አ. በ1769 ምጽዋ በገባ ጊዜ የኦስትሪያው ብር በወደቡ ገበያ የታወቀ ነበር። ንግሥቲቱ ያኔ በሕይወት ነበረች።

ወደ ደጋው ሲወጣ ጠገራ ብቻውን አልሠራም። የገበያው ዝርዝር አሞሌ ጨው ነበር። አሞሌ ከአፋር የጨው ሜዳ ተቆርጦ በግመልና በበቅሎ ወደ ደቡብና ወደ ምዕራብ በራቀ ቁጥር ዋጋው ይወደዳል፤ ስለዚህ አንድ ጠገራ ሰሜን ላይ ብዙ አሞሌ ሲያወጣ ራቅ ባለው ገበያ ጥቂት ብቻ ያወጣ ነበር። አሞሌ ዝናብ ያቀልጠዋል፤ በመንገድም ይሰባበራል። ጠገራ ግን አይሻግትም፤ አይሟሟም፤ ሸክሙም የታወቀ ነው። አንድ ሺህ ጠገራ 28 ኪሎ ይመዝናል። ስለዚህ ሰፊ ንግድ፣ ግብር፣ ጥሎሽና የደም ካሣ በጠገራ ይቆጠር ጀመር። ወርቅ የሚመዘንበት ወቄትም የተተመነው በአንድ ጠገራ ክብደት ነው። በዚህ ጊዜ ብሩ ገንዘብ ብቻ መሆኑ ቀርቶ የአገሩ ሚዛን ሆነ ማለት ነው።

የገበያው ምርመራ

በ19ኛው መቶ ዓመት ኢትዮጵያን ያዩ አውሮፓውያን ተጓዦች ደጋግመው የጻፉት አንድ ነገር አለ፤ ሻጩ የሚሰጠውን ብር ዝም ብሎ አይቀበልም። የታሪክ ተመራማሪው ሪቻርድ ፓንክረስት የእነዚህን ተጓዦች ምስክርነት ሰብስበው እ.ኤ.አ. በ1963 የጠገራን ታሪክ ሲጽፉ ይህን ምርመራ በዝርዝር አስፍረውታል። መራጩ መጀመሪያ የሚያየው በንግሥቲቱ ራስ ጌጥ ላይ ያሉትን ሉሎች ነው፤ ቀጥሎ በትከሻዋ ላይ መጎናጸፊያውን የያዘውን ጌጥና በዙሪያው የተደረደሩትን ነጠብጣቦች ይመረምራል፤ በመጨረሻም ከደረቷ ሥር "ኤስ" እና "ኤፍ" መኖራቸውን ያረጋግጣል። ነጠብጣቦቹ የተላጡበት፣ ፊደሉ የጠፋበት ብር ወይ ይመለሳል፣ ወይ ዋጋው ይቀነሳል። የሌላ ንጉሥ መልክ ያለው ብር ንጥረቱ እኩል ቢሆን እንኳ ጨርሶ አይታይም ነበር።

ተጓዦቹ ይህን ነገር ብዙ ጊዜ እንደ አጉል ግትርነት ቆጥረውታል። እኔ ግን በዚህ አልስማማም። ላቲን የማያነብ፣ የኬሚስት ቤትም ሆነ ትክክለኛ የብር ሚዛን በአጠገቡ የሌለው ገበሬ የብሩን ንጥረት የሚያውቀው በምንድን ነው? በወፍራሙ የተቀረጹት ነጠብጣቦች ከሌላው የብሩ ክፍል ሁሉ ቀድመው የሚያልቁ ናቸው። እነርሱ ደኅና ከሆኑ ብሩ ብዙ አልተላጠም፤ ክብደቱም አልጎደለም ማለት ነው። ፊደላቱ ጥርት ብለው ከወጡ ደግሞ በአሸዋና በሰም ቅርጽ የተቀዳ ሐሰተኛ የመሆኑ ዕድል ያነሰ ነው፤ የተቀዳ ብር ጥቃቅን ነገሮቹን ያደበዝዛልና። እንግዲህ ገበሬው የተመለከታቸው ምልክቶች ባዶ ልማድ አልነበሩም፤ በአነስተኛ ድካም ከፍተኛ ማረጋገጫ የሚሰጡ፣ በተግባር የተፈተኑ መለኪያዎች ነበሩ። ይህ ዕውቀት በመጽሐፍ አልተጻፈም፤ በየገበያው ከአባት ወደ ልጅ ተላልፏል።

ምርጫው የኦስትሪያን መንግሥት ሳይቀር አስገድዷል። እ.ኤ.አ. በ1857 ኦስትሪያ የገንዘብ ሥርዓቷን ስትለውጥ ጠገራ በራሷ አገር ሕጋዊ ገንዘብ መሆኑ ቀረ። ቢሆንም ለውጭ ንግድ መቅረጹ በሕግ እንዲቀጥል ተደረገ። በተወለደበት አገር የማይሠራ፣ በቀይ ባሕር ዙሪያ ግን የሚከበር ገንዘብ ሆነ። ቬኔሲያ እስከ 1866 ድረስ ከኦስትሪያ ጋር ሳለች ቀረጸች፤ ከዚያ በኋላ ዋናው ሥራ በቪየና ቀረ።

የምርጫው ኃይል ከሁሉ ይልቅ የታየው በመቅደላ ዘመቻ ነው። እ.ኤ.አ. በ1867 መጨረሻና በ1868 መጀመሪያ የእንግሊዙ ጄኔራል የናፒየር ሠራዊት በዙላ በኩል ወርዶ ወደ አጼ ቴዎድሮስ ምሽግ ወደ መቅደላ ሲጓዝ ስንቅ፣ ገፈራና የጭነት ከብት ከትግራይና ከላስታ ሕዝብ መግዛት ነበረበት። የብሪታንያ የወርቅ ሳንቲም በዚያ ምንም አያወጣም። የዘመኑ ታላቅ መንግሥት የሞተችን የሌላ አገር ንግሥት ብር ፍለጋ የሜዲትራኒያንን ገበያዎች አሰሰ፤ ያም አልበቃ ብሎ የቪየናን ገንዘብ መቅረጫ ቤት በሚሊዮኖች የሚቆጠር አዲስ ጠገራ እንዲቀርጽ አዘዘ። አጼ ቴዎድሮስ ከሞቱና ሠራዊቱ ከተመለሰ በኋላ ያ ሁሉ ብር በአገሩ ቀረ። ዛሬ በአንዳንድ ቤተሰብ እጅ ያለው ጠገራ በዚያ ዘመቻ የገባ ሊሆን ይችላል።

ከገንዘብነት ወደ መታሰቢያነት

ብሩ ገበያ ላይ ከተመረጠ በኋላ ሁለት ዕጣ ነበረው። አንዱ በእንስራ ተከቶ ከምድር ሥር መቀበር ነው፤ የክፉ ቀን ጥሪት ይሆናል። ሌላው ወደ አንጥረኛ መሄድ ነው። በአገራችን ልማድ ጌጥ የሚያሠራ ሰው ብሩን ራሱ ይዞ ይሄድና ለአንጥረኛው የእጁን ዋጋ ብቻ ይከፍላል። ስለዚህ ምርጫው ሁለት ጊዜ ተደረገ ማለት ነው፤ አንድ ጊዜ በገበያ፣ አንድ ጊዜ በአንጥረኛው ደጅ። ለልጅ ክርስትና መስቀል፣ ለሙሽራ አልቦና ድሪ፣ ለጸጉር ወለባ፣ በአንገት ላይ የሚንጠለጠል የጆሮ ኩክ ማውጫ፣ ለጀግና ጋሻ መለበጫ ከዚህ ብር ተሠርቷል። ቤተ ክርስቲያንም የመጾር መስቀሏን፣ ጽናጽሏንና የመጽሐፍ መሸፈኛዋን ከዚሁ አሠርታለች።

በአንገት መስቀሎች ላይ የሚገኝ አንድ ማስረጃ ለታሪክ አጥኚ በጣም ውድ ነው። አንዳንድ መስቀሎች ብሩ ሳይቀልጥ በቀጥታ ከጠገራው ላይ ተቆርጠው የተሠሩ ናቸው። ጀርባቸውን በደንብ ያየ ሰው በጠገራው ጀርባ የነበረውን የንስር ክንፍ ወይም የላቲን ፊደል ቅሪት ያገኛል፤ በመስቀሉ ጫፍ ላይም የጠርዙ ጽሑፍ ዱካ አንዳንድ ጊዜ ይታያል። የቪየና ንግሥት መልክ በማተብ ላይ ወደሚታሰር የእምነት ምልክትነት ተለወጠ። በወሎ፣ በሐረርና በኦሮሞ አካባቢዎች ደግሞ ብሩ ሳይቆረጥ ቀለበት ተበይዶለት በአንገት ጌጥ ላይ ይደረደር ነበር። አንገት ላይ የዋለ ጠገራ ቁጠባም ጌጥም ነው፤ የተቸገረች ሴት አንዱን ፈትታ ገበያ ልታወጣው ትችላለች። ሴቶች ከቤቱ ሀብት በራሳቸው እጅ የሚይዙት ድርሻ አብዛኛውን ጊዜ ይህ ነበር፤ ስለዚህ ከእናት ወደ ሴት ልጅ የተላለፈ ጠገራ ስለ ሴቶች የኢኮኖሚ ሕይወት የሚመሰክር ማስረጃ ነው።

የምኒልክ ብር

ዳግማዊ ምኒልክ እ.ኤ.አ. በ1894 የራሳቸውን ገንዘብ አወጡ። ብሩ በፓሪስ ገንዘብ መቅረጫ ቤት ተሠራ፤ በአንድ ወገን የንጉሠ ነገሥቱ መልክ፣ በሌላው ዘውድ የደፋ አንበሳ ተቀረጸበት። ዓመቱ 1887 ዓ.ም. ተብሎ በግእዝ ቁጥር ተጻፈ። ክብደቱ 28.075 ግራም፣ ንጥረቱ ከሺህ 835 እጅ ሆኖ ከጠገራው ጋር እኩል እንዲሆን የተደረገው በጥንቃቄ ነው፤ ሕዝቡ የሚያውቀውን ክብደት በእጁ እንዲያገኝ። ከአሞሌ ጋር የሚወዳደር ዝርዝርም ወጣ፤ አላድ፣ ሩብ፣ ተሙንና ግርሽ። ተሙኗ 3.5 ግራም፣ ግርሿ 1.4 ግራም ብቻ ነበረች። በኋላም አዲስ አበባ ውስጥ ገንዘብ መቅረጫ ተቋቋመ፤ እ.ኤ.አ. በ1905 ደግሞ የሐበሻ ባንክ ተመሠረተ።

ሆኖም ገበያው የለመደውን ቶሎ አልተወም። በተለይ በሰሜን የምኒልክ ብር በእኩል ዋጋ ለመወሰድ ተቸገረ፤ ጥቃቅኖቹ ሳንቲሞች ደግሞ ለጌጥ ተወድደው ከገበያ እየወጡ በአንገትና በጆሮ ላይ ዋሉ። ይህ ለባንኩ ችግር ነበር፤ ለእኛ ግን ሌላ ነገር ያስተምረናል። ሕዝቡ የራሱን ንጉሥ መልክ የያዘውን ትንሽ ብር ከመጀመሪያው ዘመን ጀምሮ እንደ መታሰቢያ አክብሮ ይዞታል። ዛሬ በኪስ የሚያዝ ቀላልና አገርኛ የብር ቁራጭ ለሚፈልግ ሰው አላድና ሩብ ከጠገራው ይልቅ የተመቹ ናቸው፤ ሩቡ 7 ግራም፣ አላዱ 14 ግራም ይመዝናል። ዓመታቸውም ከጠገራው ዓመት በተለየ በአገራቸው ዘመን የተቆጠረ ነው።

አንድ መልክ፣ ሁለት ጦር

እ.ኤ.አ. ሐምሌ 1935 ሙሶሊኒ ከኦስትሪያ መንግሥት ጠገራን የመቅረጽ መብት ለ25 ዓመታት ወሰደ፤ መቅረጫ መሣሪያዎቹም ወደ ሮም ተላኩ። ዓላማው ግልጽ ነበር። ለወረራው የሚያስፈልገውን መንገድ መሪ፣ ባንዳና ስንቅ በኢትዮጵያ ምድር የሚገዛው በጠገራ ነው። የብሪታንያ ነጋዴዎችና መንግሥት በቀይ ባሕር ንግዳቸው የጠገራ ምንጭ በጣልያን እጅ መውደቁን ስላልወደዱ እ.ኤ.አ. በ1936 ለንደን መቅረጽ ጀመረች፤ ፓሪስና ብራስልስም ቀረጹ። ጣልያን አዲስ አበባ ከገባ በኋላ ሊሬውን በግድ ሊያስለምድ ሞከረ፤ ሕዝቡ ግን ወረቀቱን አልወደደም፤ ጠገራውን ሸሸገ።

በጥር 1933 ዓ.ም. ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ከሱዳን ድንበር ተሻግረው ኦሜድላ ላይ ሰንደቅ ዓላማቸውን ሲሰቅሉ አብሯቸው ከነበረው ከእንግሊዛዊው መኮንን ከዊንጌት ጦር ስንቅ መካከል በግመል የተጫነ ጠገራ ነበር። ለዚያ ዘመቻ ቦምቤይ የሚገኘው ገንዘብ መቅረጫ ቤት እ.ኤ.አ. በ1940 እና 1941 ሚሊዮኖችን ቀረጸ። እንግዲህ በአንድ መሬት ላይ፣ በአምስት ዓመት ውስጥ፣ አንዱ ለወረራ ሌላው ለነጻነት የተቀረጹ ሁለት ጠገራዎች ተዘዋወሩ። ሁለቱም 1780 ይላሉ፤ ሁለቱም የንግሥቲቱን መልክ ይዘዋል። የሚለያቸው የመጎናጸፊያው እጥፋት፣ የትከሻው ጌጥ ክብ ወይም ሞላላ መሆኑ፣ የንስሩ ጅራት ላባዎች አሠራር ነው፤ ይህን የሚለየውም በዘርፉ የሠለጠነ ዓይን ነው። በቤቱ ጠገራ ያለው ሰው ይህን ጉዳይ ቀላል አድርጎ ሊያየው አይገባም። አያቱ ብሩን ያገኙት በቡና ንግድ ነው ወይስ በአርበኝነት ዘመን? የብሩ ትርጉም በዚህ መልስ ላይ ይወሰናል።

የብር ገንዘብ ማብቂያ

በ1937 ዓ.ም. አዲሱ የኢትዮጵያ ገንዘብ በአዋጅ ወጣ፤ የገንዘቡ ዋና አካል ወረቀት ነበር። በጣልያን ሊሬ የተማረረ ሕዝብ ወረቀትን እንዲያምን የብር ዋስትና አስፈለገ። ከአሜሪካ በጦርነቱ ጊዜ የብድር ስምምነት በተገኘ ብር ፊላደልፊያ ላይ የ50 ሳንቲም ሽልንግ ተቀረጸ። በአንድ ወገን የንጉሠ ነገሥቱ መልክ፣ በሌላው አንበሳው አለ፤ ዓመቱ 1936 ዓ.ም. ነው። ክብደቱ 7.03 ግራም፣ ንጥረቱ በመጀመሪያ ከሺህ 800 እጅ ነበር፤ በኋላ ወደ 700 ዝቅ ብሏል። ወረቀቱን የያዘ ሰው ሽልንጉን እያየ ተማመነ፤ ቀስ በቀስም ወረቀቱን ለመደ። ጠገራው ወደ የመን ገበያ፣ ወደ አንጥረኛ ቤትና ወደ ሣጥን ሥር ገባ። በለንደንና በሌሎች ከተሞች የነበረው ቅርጸትም እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ መጀመሪያ ቆመ፤ ሥራው ዛሬ ወዳለበት ወደ ቪየና ተመለሰ።

ዛሬ የሚመርጥ ሰው

ይህ ሁሉ ታሪክ በኪሱ የብር መታሰቢያ ሊይዝ ለሚያስብ ሰው ምን ይረዳዋል? በመጀመሪያ፣ አዲስ ከቪየና የወጣ ጠገራና በኢትዮጵያ ገበያ የዋለ ጠገራ በብርነታቸው እኩል ናቸው፤ በታሪክነታቸው ግን አይተካከሉም። አዲሱ ያንጸባርቃል፤ ጥቃቅን ሉሎቹ ሁሉ ሹል ናቸው። የዋለው ጠገራ የንግሥቲቱ ጉንጭና ትከሻ በጣት ብዛት ለስልሷል፤ በፊደላቱ ሥር ጥቁረት ተቀምጧል። አያቶቻችን ገበያ ላይ ጥርት ያለውን የመረጡት ብሩ ነገ ለሌላ ሰው የሚያልፍ ገንዘብ ስለነበረ ነው። መታሰቢያ የሚፈልግ ሰው ግን ብሩን ሊያሳልፈው አይደለም፤ ስለዚህ የመራጮቹን ዱካ የያዘውን ይምረጥ። ለአንገት ተብሎ የተበየደ ቀለበት ወይም የተበሳ ቀዳዳ ለሳንቲም ሰብሳቢ ጉድለት ነው፤ ለታሪክ ግን ያ ብር የአንዲት ሴት ጌጥ እንደነበረ የሚመሰክር ማኅተም ነው።

ሁለተኛ፣ የጥንቱ ምርመራ ዛሬም ይሠራል። ክብደቱ ከ28 ግራም በጣም የራቀ ጠገራ ይጠረጠራል። በጠርዙ ላይ ጣትን ማሽከርከር ያስፈልጋል፤ ጠርዙ ለስላሳ የሆነ ወይም ፊደሉ ወደ ውስጥ የተቆፈረ ከሆነ እውነተኛ አይደለም። ብርን ማግኔት አይስበውም። በአዲስ አበባ የጌጥ ሱቆች የሚሸጡ ብዙ መስቀሎች ብር ከሌለባቸው ነጫጭ ማዕድናት የተሠሩ ናቸው፤ እውነተኛ የጠገራ መስቀል ከእነርሱ የሚለየው በክብደቱ፣ በጥቁረቱ ዓይነትና በጀርባው ላይ በሚገኝ የቅርጽ ቅሪት ነው። ከመግዛቱ በፊት በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የኢትዮጵያ ጥናትና ምርምር ተቋም ሙዚየም የሚገኙትን መስቀሎች ያየ ሰው ዓይኑ ይሠለጥናል።

ሦስተኛ፣ አጠባበቁ ነው። ጥቁረቱን በማጽጃ መፈግፈግ አይገባም፤ አብሮ የሚነሣው የብሩ ገጽና የዘመኑ ዱካ ነው። በኪስ ውስጥ ከቁልፍና ከሌላ ሳንቲም ጋር ከዋለ ይቧጨራል፤ በቀጭን የጥጥ ጨርቅ ጠቅልሎ መያዝ ይበቃዋል።

አራተኛው ከሁሉ ይበልጥ ያሳስበኛል። ያረጀ የብር ሥራ ሁሉ የግል ንብረት አይደለም። የመጾር መስቀል፣ ጽናጽል ወይም የመጽሐፍ መሸፈኛ ከሆነ ከአንድ ቤተ ክርስቲያን የወጣ መሆኑን ማሰብ ይገባል። በ1992 ዓ.ም. የወጣው የቅርስ ጥናትና ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 209 ቅርስን ያለ ፈቃድ ከአገር ማውጣትን ይከለክላል። በውጭ የሚኖሩ ወገኖቻችን ከአገር ቤት አንድ የብር ነገር ይዘው መሄድ ሲፈልጉ ምኞታቸው የከበረ ነው፤ መንገዱም የከበረ ይሁን። ከእናትና ከአያት በፈቃድ የተሰጠ አንድ ጠገራ ወይም አንድ ሽልንግ ከየትኛውም ከተዘረፈ የብር መስቀል ይበልጣል።

በመጨረሻም፣ ብሩ ስለ ራሱ የሚናገረው ጥቂት መሆኑን አይተናል። ዓመቱ አይናገርም፤ ፊደሉ ከብዙ ዘመን በፊት የሞቱ ሹማምንት ስም መነሻ ነው፤ መልኩም በብዙ ከተሞች ተቀርጿል። የማን እንደነበረ፣ በየትኛው ገበያ እንደተገኘ፣ ለምን ሳይሸጥ እንደቀረ የሚያውቁት ዛሬ በዕድሜ የገፉ አባቶችና እናቶች ናቸው። ስለዚህ ጠገራውን የሚመርጥ ሰው አስቀድሞ ባለቤቱን ይጠይቅ፤ የሰማውንም ስም፣ አገርና ዘመን ጠቅሶ በወረቀት ይጻፍና ከብሩ ጋር ያኑረው። የጠገራ ታሪክ እስካሁን በብዛት የተጻፈው በባዕዳን ተጓዦች ማስታወሻ ነው፤ የመራጮቹን ወገን ታሪክ የምንጽፈው በየቤታችን ከሚገኘው ከዚህ ማስረጃ ነው።